ለፕሮፌሰሯ የተላኩ ሽማግሌዎች

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ወዲህ ደሴ ውስጥ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለ ፎቅ ነው የሚጠይቀኝ። ስንት ደርብ ነው? ጫፉ ይታያል? እውነቱን ልናገርና ፎቁን በቅጡ አላየሁትም። እኔ የሄድኩት ለሽምግልና ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ ዐይኑ ሰው ፊት ላይ ነው የሚውለው። ቢሆንም ዐይቼው የማላውቀውን ብዙ ነገር ዐይቻለሁና፣ አገሩን ለማያዩት ወዳጆቼ እንደ ቅደም ተከተሉ ልጻፈው።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ታናሽ እህቴ አስካለ የምትኖረው ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ ነው። አንድ ቀን ቴሌ አስጠራችኝና «ጋሼ፣ ልጄ ልትጠፋብኝ ነው» ብላ ማልቀስ ጀመረች። አማተብኩ። አዜብ አንድ ልጇ ናት። አባቷ ሱዳን ውስጥ በስደት ላይ ስለሞተ እናትና ልጅ ብቻቸውን ነው አሜሪካ የገቡት።

«ታመመች?» አልኩ።

«ኧረ ደኅና ናት!»

«ታሰረች?»

«ምን በወጣት!»

«ታዲያ ምን ሆነች?»

«አንትሮፖሎጂ ልማር አለችኝ!»

በዚያ አገር ጠበቃ የሚሆን ሰው አስቀድሞ በሌላ ትምህርት መመረቅ አለበት፤ የሕግ ትምህርት ቤት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። አዜብ እዚያው አጠገብ ኮሌጅ ፓርክ ያለው ዩኒቨርሲቲ ስትማር ቆይታ ልትመረቅ ተቃርባለች። አንድ የሕግ ትምህርት ቤት ተቀብሏታል፤ መምጣት አለመምጣትሽን ግን እስከ አንድ ዓርብ ድረስ አሳውቂኝ ብሏል። እሷ ደግሞ እዚያው ኮሌጅ ፓርክ ቀርቼ አንትሮፖሎጂን ልግፋበት ትላለች። አንትሮፖሎጂ ማለት የሰውን ልማድና አኗኗር ማጥናት ነው። አስካለ ይህ ሲነገራት «ሰው ምኑ ይጠናል? ሰው ሰው ነው!» አለች። እኔ በወሎ ፍርድ ቤቶች ከሠላሳ ዓመት በላይ የተከራከርኩ ጠበቃ ነኝ። ልጅቱን ለማሳመን ከእኔ የተሻለ ሰው የለም ተብሎ ትኬት ተላከልኝ። እውነት ለመናገር እኔም የለም ብዬ ነበር።

ኀሙስ ገና ሳይነጋ ከደሴ በአውቶቡስ ተነሣሁ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ስለዋጠው ረዳቱ ወርዶ ከፊት እየሄደ አሻገረን። ወቅቱ ሁዳዴ ስለነበር ስንቄ ዳቦ ቆሎና በሶ ነው። ዓርብ ማታ ከአዲስ አበባ ተሳፍሬ አውሮፓ ላይ አውሮፕላን ቀየርኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሁሉ ባሕር ነው። ቀኝ ጉልበቴ ድሮም ያመኛል። ያን ሁሉ ሰዓት ታጥፎ ስለቆየ ስወርድ አልዘረጋ ብሎኝ፣ አሜሪካን የረገጥኩት እያነከስኩ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሁለቱም ቆመው ጠበቁኝ። አስካለ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ አዜብ ሻንጣዬን ተቀበለችኝና «ጋሼ፣ ደክሞሃል… ደክሞዎታል ማለቴ ነው» አለች። ከዚያ መኪናዋን አስነሣች። ያን የሚያህል መንገድ ዐይቼ አላውቅም! በአንድ ወገን ብቻ አራት መኪና ጎን ለጎን ይሮጣል፤ ቤልትዌይ ይሉታል፣ ከተማውን እንደ መቀነት የሚዞር ነው። የእኛ ልጅ እዚያ መሐል ገብታ በአንድ እጇ መሪውን ይዛ ትስቃለች። እኔ ወሎ ውስጥ ያሉትን ታቦታት በሙሉ በልቤ ጠራሁ።

ቤታቸው አፓርትመንት ነው፣ ሦስተኛው ደርብ ላይ። የተኛሁት ሲስቡት አልጋ በሚሆን ሶፋ ላይ ነው። በመጀመሪያው ጠዋት ልነሣ ስል በእግርጌው በኩል ተቀመጥኩ መሰለኝ፣ ሶፋው ተመልሶ ሊታጠፍ ጀመረ። አስካለ ጩኸቴን ሰምታ ስትመጣ ግማሹ እኔ ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ ነበርኩ። «ጋሼ፣ ገና ሳይሸመግሉ ሊታጠፉብኝ ነው?» ብላ እያሳቀችኝ አወጣችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ ማታ ከሶፋው እግር ሥር ሁለት ወፍራም የስልክ ማውጫ ትወትፍልኝ ነበር።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ሕንጻው የአሜሪካኖች ነው፤ እነሱ ሲጨርሱ የእኛ ሰዎች ይገቡበታል። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ያየሁት ነገር አስገረመኝ። ሰዉ ሁሉ አዜብን ይከባታል። አንዲት እናት መድኃኒቱ ከምግብ በፊት ነው በኋላ ብለው ይጠይቋታል። አንድ ሰው ደግሞ የትራፊክ ክስ አለብኝና ማክሰኞ ፍርድ ቤት አብረሽኝ ነይ ይላታል። ሁሉንም በየተራ ትሰማለች። መሪጌታ ይባቤ የሚባሉ የጎጃም ሰው፣ ጥምጥማቸው እንደ በረዶ የነጣ፣ ጠጋ ብለው «ከልጅነቷ ጀምሮ የሁላችን አፍ እሷ ናት። ጠበቃችን እንላታለን» አሉኝ። አስካለ ሰምታ «አዩ ጋሼ? ጌታ ራሱ የሰጣትን ነው የምትተወው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል!» አለች።

ሰኞ ጠዋት አስካለ ወደ ሥራ ሄደች። ሆቴል ውስጥ ነው የምትሠራው፣ አልጋ አንጣፊ ናት። እኔና አዜብ እግራችንን ለማፍታታት ወጣን። ዛፉ ሁሉ አበባ ነው፤ ቅጠል ገና ሳያወጣ አበባ ብቻ የለበሰ ዛፍ ዐይቼ አላውቅም። እዚያ ቆሜ ሳለሁ ነው ያ ቢጫ አውቶቡስ የመጣው። የተማሪዎች አውቶቡስ ነው። ቆመና ከጎኑ አንድ ቀይ ምልክት እንደ ክንድ ዘረጋ። በዚያ ሰፊ መንገድ ከወዲህም ከወዲያም የሚመጣው መኪና ሁሉ ቀጥ አለ። ፖሊስ የለም፣ ፊሽካ የለም። አንዲት ቦርሳዋ ከጀርባዋ የሚበልጥ ሕፃን ቀስ ብላ፣ እየዘለለች ተሻገረች። ከፊት የቆመው ሰውዬ መኪናው የሚሊዮኖች ነው የሚመስለው፤ እሱም ጠበቃት።

እንባዬ መጣ። አባቴ ይነግሩኝ የነበረውን አስታወስኩ። ድሮ አንድ ሰው «በሕግ አምላክ!» ካለ የሚሮጠው ይቆማል፣ የተሰነዘረው ዱላ ይወርዳል። እኔ በሥራ ዘመኔ በሕግ አምላክ ተብሎ የቆመ ሰው ያየሁት ጥቂት ነው። እዚህ አገር የአውቶቡስ ጎን ላይ ለጥፈውት ሁሉም ይቆማል።

«ይሄን እያየሽ ነው ሕግ አልማርም የምትይው?» አልኳት።

አዜብ ሳቀች። «ጋሼ፣ እኔ ደግሞ ሰዎቹ ለምን እንደሚቆሙ ነው ማወቅ የምፈልገው።»

«ስለሚቀጡ ነዋ!»

«ማንም በማያይበት መንገድም ይቆማሉ።»

ቤት ስንገባ ምሳ ልሠራላት ብዬ ሽንኩርትና በርበሬ ማቁላላት ጀመርኩ። ወዲያው ጣሪያው ላይ ያለች ክብ ነገር ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ለቀቀች። እኔ ማንኪያዬን ጥዬ ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሣሁ፤ ሌባ የተባልኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጢስ ሲነካት የምትጮህ ማስጠንቀቂያ ናት። አዜብ ወንበር ላይ ወጥታ በፎጣ እያራገበች በሳቅ ፈረሰች። ሳቋ ሲበርድላት እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና እውነቱን ነገረችኝ። «ጋሼ፣ እኔ ወስኛለሁ። ግን እማዬ ሳትመርቀኝ አላደርገውም። ዓርብ እስኪደርስ ልቧ ካልተመለሰ ሎው ስኩሉን የስ እላለሁ። እሷን አስለቅሼ የምማረው ትምህርት አይሆንልኝም።» እንግዲህ የእኔ ሥራ ተሠርቶ አልቆ ነበር፤ ዝም ብዬ ሽሮዬን እየበላሁ ዓርብን መጠበቅ ብቻ ይበቃኝ ነበር። ነገር ግን እንደዚያ ፊቷን አጥቁራ እሺ የምትል ልጅ ለማየት አልነበረም ያን ሁሉ ባሕር የተሻገርኩት። እንድታምንልኝ ነበር የፈለግኩት።

ማክሰኞ ሦስታችን ራት ላይ ተቀምጠን ሳለን አስካለ የነገሩን ሥር አገኘሁት አለች። ለካ አንዲት ፕሮፌሰር አለች፣ ሩት የምትባል። አንትሮፖሎጂ የምታስተምር፣ እዚያው ዋሽንግተን አጠገብ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ የምትኖር። አዜብ ስሟን ሳትጠራ አትውልም። «ልጄን ያስኮበለለቻት እሷ ናት። እኛ አገር ሰው ልጅሽን ቢወስድብሽ ምን ታደርጊያለሽ? ሽማግሌ ትልኪያለሽ! ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።»

እናንተ ትስቁ ይሆናል። እኔ ግን በዚያ ማዕድ ላይ ሆኜ ስሰማው ፍጹም ትክክል መሰለኝ። ልጅቱን ለማሳመን ልጅቱን የያዘውን ሰው መለመን የታወቀ ሥርዓት ነው። ወዲያው ለወርቁ ተደወለለት። ወርቁ ደሴ አብረን የተማርን የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ ዛሬ አሌክሳንድሪያ ታክሲ ይነዳል። መሪጌታም እሺ አሉ። ሦስት ሽማግሌ ሞላ።

አዜብ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ፊቷ ቀላ። «ማን ሊያስተረጉምላችሁ ነው?»

«ወርቁ አለ» አልኩ።

«ጋሽ ወርቁ የታክሲ እንግሊዝኛ ነው የሚችሉት። እኔ ኮል አደርግላትና አብሬያችሁ እሄዳለሁ። ያላችሁትን ሁሉ እላለሁ፤ አንድም አልቀንስም።»

ረቡዕ ወርቁ በታክሲው መጥቶ ወሰደን። እኔ ሙሉ ልብሴን ለብሼ ነጠላዬን ደርቤያለሁ፤ መሪጌታ ካባቸውን ለብሰው ጭራቸውን ይዘዋል። በቤልትዌይ ዞረን የፖቶማክን ወንዝ ተሻገርን። አሌክሳንድሪያ አሮጌ ከተማ ናት፤ ቤቱ የቀይ ሸክላ ጡብ፣ መንገዱ አንዳንዱ ዳጉሳ የተሰጣበት የመሰለ ድንጋይ ንጣፍ። የአሜሪካ ነገር ሁሉ አዲስ ይመስለኝ ነበርና እዚህ ግድግዳው ያዘመመ ቤት እንደ ቅርስ ተጠብቆ ሳይ ገረመኝ። እኛ ዘንድ ቢሆን ቆርቆሮ ይለብስ ነበር።

በሩን የከፈተችልን ሽበታም፣ ቀጭን፣ ሹራብ የለበሰች ሴት ናት። ከኋላዋ ጥጃ የሚያህል ውሻ ወጣ። መሪጌታ በአንድ ዝላይ ከእኔ ኋላ ሆኑ። ሴትዮዋ ይቅርታ እየጠየቀች ውሻውን ወደ ጥግ ወሰደችው፤ እኛን ደግሞ በእጇ ወንበር አሳየችን። ጠረጴዛው ላይ ሻይ፣ ሎሚ፣ የተቆረሰ ኬክ ተሰናድቷል። ማንም አልተቀመጠም። ውሻው ብቻ ተቀመጠ።

ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ። «እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለትልቅ ጉዳይ ወደ ትልቅ ሰው ቤት መጥተናል። ጉዳያችን ሳይፈጸምልን አንቀመጥም፤ እህል ውሃም አንቀምስም። ይህች ልጅ የእናቷ ዐይን ናት። ሐሳቧ እርስዎ ዘንድ ሄዶ ቀርቷል። ይልቀቁልን ብለን በእግዚአብሔር ስም ልንለምን ነው የመጣነው።»

አዜብ በእኔና በሴትዮዋ መካከል ቆማለች። እኔ እንግሊዝኛ ብዙ አልናገርም፤ የሕግ መጽሐፍ ግን ስለማነብበት ስሰማው እከተለዋለሁ። ታጭበረብር ይሆን ብዬ ጆሮዬን ቀሰርኩ። አላጭበረበረችም። እንዲያውም የእናቷን መጨነቅ ስትናገር ድምጿ ተንቀጠቀጠ። እኔ ያልኩትን ከእኔ አሳምራ፣ የራሷን ጉዳይ የራሷ ተቃዋሚ ሆና አቀረበችው። እኔ ስንት ጠበቃ ዐይቻለሁ! ይሄ ምላስ የሰማዕታት በረከት ነው፣ ይሄስ ፍርድ ቤት ካልቆመ የት ሊቆም ነው አልኩ በልቤ።

ፕሮፌሰሯ ግራ ተጋብታ ለምን እንደማንቀመጥ ጠየቀቻት። እዚህ ላይ አዜብ የራሷን ቃል መናገር ጀመረች። «የአጎቴ ጉልበት ታሟል» አለቻት። «ቢያምመውም ይቆማል። እኛ ዘንድ ሽማግሌ የሚለምነው በአፉ ብቻ አይደለም፤ ሰውነቱንም ይዞ ይመጣል። የቆመ ሽማግሌ እያየ ልቡ የሚያስችለው ባለቤት የለም። ማስገደድ እንዳይመስልሽ፤ ማስጨነቅም አይደለም። እኔ ስለ አንቺ ይህን ያህል እደክማለሁ፣ አንቺስ ስለ እኔ? እያለ ነው የሚጠይቅሽ።»

እኔ በዕድሜዬ ስንት ደጃፍ ቆሜያለሁ። ለጋብቻ ቆሜያለሁ፣ ለደም ዕርቅ ቆሜያለሁ። መቼ እንደሚቆም፣ በየትኛው እግር ቀድሞ እንደሚገባ ሁሉ አውቃለሁ። ለምን እንደምቆም ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም፤ ያንን የነገረችኝ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ በእንግሊዝኛ፣ የእህቴ ልጅ ናት። ጉልበቴ እየነደደኝ ራሴን ረስቼ አፌን ከፍቼ አየኋት።

ፕሮፌሰሯ ከተደገፈችበት ጠረጴዛ ራቅ አለችና እንደ እኛ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ የተናገረችውን አዜብ አቀርቅራ ተረጎመችልን። «ሕግ ተማሪ ብያት ነበር ትላለች። ደጋግሜ ነግሬያታለሁ ትላለች። የእኔ ሙያ ሥራ አይገኝበትም፤ እኔ ራሴ ስንት ዓመት ተንከራትቻለሁ ትላለች። በእጄ የሌለችን ልጅ እንዴት ብዬ ልልቀቅላችሁ?»

ሦስታችን ተያየን። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ወርቁ ሳቁ እያመለጠው ወደ መስኮቱ ዞረ። መሪጌታ ግን እንደ ሊቅነታቸው መውጫውን አገኙ። «እንግዲያው ጉዳያችን ሳንመጣም ተፈጽሞ ኖሯል። ስሟም የመጽሐፍ ነው፤ ሩት እንግዳ ሆና ሳለ ከሰው ጋር የተጣበቀች ናት። እንቀመጥ።» ተቀመጥን። አዜብ ጾም መሆኑን ስትነግራት ሴትዮዋ ኬኩን አንሥታ ሮጣ ሄደችና ብርቱካን ልጣ ይዛ መጣች። ለጉልበቴም በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ለሽምግልና ሄጄ በረዶ የታሰረልኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ስንመለስ ድልድዩ ላይ መኪናው ሁሉ ቆመ። አደጋ መሰለኝ። ወርቁ «አይ፣ መርከብ ሊያልፍ ነው» አለና ሞተሩን አጠፋ። ከፊታችን ያለው መንገድ፣ አስፋልቱ፣ የተቀባው መሥመር ሳይቀር፣ ከመሐሉ ተከፍሎ ወደ ሰማይ መነሣት ጀመረ። መሪጌታ «እግዚኦ!» ብለው በመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ። ስንት ሺህ መኪና ቆሞ አንድ ጀልባ ሸራዋን ዘርግታ በሥሩ አለፈች። በቃ ይሄ ሕዝብ ለሚያልፍ ይቆማል።

እዚያ ቆመን ሳለን ነው አዜብን የጠየቅኳት። «እሺ፣ እሷ ካልሆነች ማነው ሐሳብሽን የለወጠው?»

«እማዬ» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ እንደ ገቡ ጥገኝነት ሲጠይቁ አስካለ ዳኛ ፊት ቀርባ ነበር። ባልሽ አገር ቤት ሳላችሁ የታሰረው መቼ ነው? ከአገር የወጣችሁት መቼ ነው? ትባላለች። አስካለ ቀን በቁጥር ይዛ አታውቅም፤ እሷ ዘንድ ዓመቱ የሚቆጠረው በጾምና በበዓል ነው። ቁጥር ንገሪ ሲሏት በደነገጠች ቁጥር ሌላ ቁጥር ትላለች። ዳኛው ይህች ሴት ትዋሻለች ወደ ማለቱ ደርሶ ነበር። እረፍት ሲወጡ ጠበቃዋ ኮሪደሩ ላይ ራሷን ይዛ ቆመች። ያኔ አዜብ ገና ትንሽ ልጅ ናት። በተማረችው ጥቂት እንግሊዝኛ የጠበቃዋን እጅጌ ጎተት አድርጋ «እናቴ በቁጥር አታውቅም፤ በጾም ጠይቂያት» አለቻት። ጠበቃዋ ተመልሳ ገብታ እንዲያ ጠየቀቻት። ለሁዳዴ መግቢያ ስንት ሳምንት ሲቀር? ከኅዳር ሚካኤል በፊት ነው በኋላ? አስካለ አንዱንም ሳትስት ተናገረች። ቀኑ ሁሉ ተገጣጠመ፤ ጥገኝነቱም ተፈቀደላቸው።

«ለእናትሽ ለምን አልነገርሻትም?» አልኩ።

«እማዬ ሎየሯን እንደ ቅድስት ነው የምታያት፤ ሻማ ታበራላታለች። ለምን እነጥቃታለሁ? ጋሼ፣ ሎየሯ ጎበዝ ናት፣ ዐይ ኖው። ግን አንድ ሰው ቆሞ እነዚህ ሰዎች ቀን የሚቆጥሩት እንዲህ ነው ባይል ኖሮ ተመልሰን ነበር። እኔ ያንን ሰው ነው መሆን የምፈልገው።» ድልድዩ ተመልሶ ገጠመ። ወርቁ ሞተሩን አስነሣ።

ኀሙስ ወርቁ ዋሽንግተንን ላሳይህ ብሎ ወሰደኝ። ነጭ ሕንጻ ዐየሁ፣ ረጅም ሐውልት ዐየሁ፣ ከመሬት በታች የሚሄድ ባቡርም ተሳፈርኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሦስት ገጽ እጽፍበት ነበር። ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነው። ከሰዓት በኋላ አዜብን ብቻዋን አገኘኋትና «እኔ የእናትሽ ሽማግሌ ሆኜ መጥቼ ጉዳዩን ጨርሻለሁ። አሁን ሥራ ፈት ነኝ። ብትልኪኝ እላካለሁ» አልኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ብድግ ብላ ጎንበስ አለችና ያበጠውን ጉልበቴን ሳመችኝ።

ዓርብ አስካለ ከሥራ የምትመለስበት ሰዓት ሲደርስ ሙሉ ልብሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን ደረብኩ፤ ከሳሎኑ መግቢያ ላይ ቆምኩ። አዜብ መኝታ ቤት ገብታለች። አስካለ ቁልፏን ይዛ ስትገባ ደነገጠች።

«ምነው ጋሼ፣ ወዴት ሊሄዱ ነው?»

«ሽማግሌ ነኝ» አልኩ። «ከልጅሽ ተልኬ ነው የመጣሁት።»

«የእኔኑ ሽማግሌ?» አለች፤ ቦርሳዋን ወርውራ። «ከደሴ ድረስ ያስመጣሁትን ሽማግሌ ሰረቀችኝ?»

«ጉዳዬ ሳይፈጸም አልቀመጥም።»

«እንግዲያው ይቁሙ!» ብላ ወጥ ቤት ገባች። ድስት ስታንኳኳ፣ ውሃ ስትከፍት ስትዘጋ ይሰማኛል። ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እዚያው እንደቆምኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ኮሪደሩ ላይ የሆነውን ነገርኳት። የሕፃኗን እጅ፣ የጠበቃዋን እጅጌ፣ ጾሙን፣ ኅዳር ሚካኤልን። ውሃው ተዘጋ። ብዙ ቆይታ በእርጥብ እጇ ብቅ አለች።

«ያች ጠበቃ» አለች ቀስ ብላ፣ «ተመልሳ ስትገባ ድንገት ስለ ጾም መጠየቅ ጀመረች። ፈረንጅ ስለ ሁዳዴ እንዴት ልታውቅ ቻለች ብዬ ነበር። መንፈስ ቅዱስ ገለጸላት ብዬ ይሄው እስከ ዛሬ…» ወደ መኝታ ቤቱ በር ተመለከተች።

«ጠበቃዋ ጥሩ ጠበቃ ናት፤ እኔ ራሴ ሙያዬ ነው፣ አላቃልለውም» አልኩ። «ጠበቃ ግን በዚህ አገር እንደ አሸን ነው። አንቺን ዳኛ ፊት ከውሸታምነት ያወጣች ያች ሕፃን ናት። ያንኑ ልሥራ ነው የምትለው። መርቂያት።»

አስካለ ወጥ ቤት ተመልሳ ገባችና ወንበር እየጎተተች መጣች። ከኋላዬ አስጠጋችው።

«ይቀመጡ።»

«ለጉልበቴ ነው ለልጅቷ?»

«ጋሼ፣ ይቀመጡ አልኩ እኮ!» አለችና እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ከዚያ ወደ መኝታ ቤቱ ዞራ «አንቺም ነይ ውጪ፣ በር ጥግ ቆመሽ እንደምትሰሚ አውቃለሁ» አለች። አዜብ ወጥታ እግሯ ላይ ወደቀች፤ አስካለም ራሷን ይዛ መረቀቻት። እኔ ተቀመጥኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን መቀመጥ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ቅዳሜ ሦስታችን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄድን። ሻንጣዬን ለማስመዘን ተሰልፈን ሳለን አንዲት ሎረል ከምትባል ከተማ የመጣች የአስካለ ትውውቅ አገኘችንና አዜብን ስማ «እንዴት ነው ትምህርት? ሕግ ገባሽ?» አለቻት። አዜብ እናቷን ቀና ብላ አየቻት።

«ሕግ አይደለም፣ አንትሮፖሎጂ ነው» አለች አስካለ ቀድማ።

«ምንድነው ደግሞ እሱ?»

አስካለ ጥቂት አሰበች። «ሰው ቀኑን በምን እንደሚቆጥር ማወቅ ነው» አለችና ሻንጣዬን ወደ ሚዛኑ ገፋችው።